አይገባህም

ወይዘሮ ሙሉነሽ ቃላቸውን የሰጡት ሰኞ ራት ላይ ነው፤ ሽሮውን ጠቅልለው፣ ወደ አፋቸው ከማድረሳቸው በፊት። «በጫካ መሀል ሽማግሌ አልቀበልም» አሉ። «ግቢው ይጽዳና ከዚያ ይምጡ።» ከዚያም ጎረሱ።

ልጃቸው ፀደንያ ግን መጉረስ አቃታት። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ ነው። ለዚህ ቀን ስትል ስንት ጊዜ ተደብቃ ቡና ጠጥታለች፣ ክረምቱን በሙሉ እናቷን ስትለማመጥ ከርማለች። የምትወደው ደምመላሽም ለመስቀል አገሩ ወርዶ ለዘመዶቹ ተናግሮ፣ ሽማግሌዎቹን እሺ አሰኝቶ ተመልሷል። አሁን ያ ሁሉ ልፋት አረም ላይ ተሰናክሎ ሊቀር ነው። እሑድ ካለፈ ለጥር ሠርግ አይደረስም። ጥር ካለፈ ደግሞ ጾም ይገባል፣ ከጾሙ በኋላ እናቷ ሌላ ሰበብ አያጡም።

ሰበብ ነው ብላ በማሰቧ አይፈረድባትም። ወይዘሮ ሙሉነሽ የደምመላሽን ስም የሰሙ ዕለት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከነማን ነው?» ከወይዘሮ የሺ ነው። ወይዘሮ የሺ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቅቤና ቅመም ሸጠው ብቻቸውን ያሳደጉት ልጅ ነው፤ ዛሬ ፒያሳ ውስጥ ጠባብ የመነጽር ሱቅ አለው። የፀደንያ አባት አቶ እምሩ ግን ዕድሜ ልካቸውን ዳኛ ነበሩ፤ አፍንጮ በር ያለው ቤታቸውም በረንዳው ብቻ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ የድሮ ቤት ነው። ከዶሮ ማነቂያ አፍንጮ በር በእግር ይደረሳል። ለሽማግሌ ግን ሩቅ መንገድ ነው።

ግቢው ጫካ ሆኗል መባሉም ውሸት አይደለም። አቶ እምሩ ካረፉ ወዲህ ሦስት ክረምት ዘንቦበታል፤ ማንም አልነካውም። አጥር ይሁን ተብሎ ዙሪያውን የተተከለው ኮሽም እሾሁን ይዞ ወደ ውስጥ ዘምቷል፤ ሰርዶው የድንጋዩን መንገድ ውጦታል፤ ከሳሎኑ መስኮት በላይ የወጣ፣ ስሙን የሚያውቅ ያልተገኘ ቅጠልም አለ። ወይዘሮ ሙሉነሽ አትክልተኛ ሲመጣ ከበር ይመልሳሉ። ጎረቤት ሠራተኛ ልላክልዎት ሲላቸው አመስግነው ይተዉታል። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ሐዘን ነው ተብሎ ታለፈ።

እንግዲህ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው። ግቢውን ማን ያጽዳው? ራሳቸው ይውረዱበት ወይስ ባለሙያ ይቀጠር? እንዲህ ያለ ተራ ጥያቄ ሁለት የሚዋደዱ ሰዎችን ሊያለያይ ይችላል ቢሉኝ እኔም እስቅ ነበር።

* * *

ፀደንያ የምትሠራው ፒያሳ፣ ኢንሹራንስ ቢሮ ነው። ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። ደምመላሽ ባንኮኒው ላይ አቀርቅሮ የወይዘሮ ሙሉነሽን መነጽር ይጠግናል። ባለፈው ሳምንት ተቀምጠውበት ሰበሩትና «ለእሑድ ሰው የማይበት ያስፈልገኛል፣ ቅዳሜ ይድረስልኝ» ብለው በልጃቸው እጅ ልከውት ነበር።

ነገሩ የተጀመረውም በዚሁ መነጽር ነው። ያኔ አንዲት ብሎን ወልቃበት ፀደንያ ይዛው መጣች። ነገ ነይ አላት፤ በነጋታው መጣች። ነገ ነይ አላት፤ አሁንም መጣች። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አልቆ አንዲት ብሎን ለማስገባት ስንት ቀን ይፈጃል ብላ አፈጠጠችበት። እሱም ቀና ብሎ እያያት፣ «ብሎኗማ የዛን ዕለት ገብታለች። ለእኔ ያልገባኝ፣ ከሰጠሁሽ በኋላ በምን ሰበብ እንደምትመጪ ነው» አላት። ፀደንያ መነጽሩን ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ምንም ያልተሰበረ መነጽር ይዛ መምጣት ጀመረች።

የእናቷን ቃል ስትነግረው ደምመላሽ ሳቀ። እሱ የፈራው ሌላ ነገር ነበር፤ አረም መሆኑን ሲሰማ ሸክም የወረደለት መሰለ። ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ እንደሚመጣ፣ ሁለት ጓደኞቹን እንደሚጨምር፣ እስከ ማታ ግቢውን ልጭት እንደሚያደርጉት ነገራት። ኮሽም አይተህ ታውቃለህ ወይ አለችው። እሾህ መሆኑን ሰምቷል። ዶሮ ማነቂያ የእነሱ የአትክልት ቦታ፣ በር ላይ የተቀመጠች የጤና አዳም ጣሳ ነበረች፤ እሷንም የሚያጠጧት እናቱ ነበሩ።

«ግን እጅ አለኝ» አላት። «እናትሽ ግቢው ይጽዳ ካሉ፣ በእጄ ነው የማጸዳላቸው።»

እንዲህ ሲላት ደስ አላት። ደስታው ግን አፍንጮ በር እስክትደርስ እንኳ አልቆየም። በሩን ከፍታ ቀሚሷን ሰብስባ በሰርዶው መሀል ስታልፍ፣ ቅዳሜ የሚሆነው ሁሉ በዓይኗ ታያት። ደምመላሽ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ክንዱ በእሾህ ተቧጭሮ፣ በአባቷ ግቢ ተንበርክኮ። ጎረቤት ብቅ ብሎ «አትክልተኛ አገኛችሁ እንዴ?» ሲል። እናቷ በረንዳ ላይ ሆነው ሲያዩት። የልጃቸውን እጅ የሚጠይቀውን ሰው መጀመሪያ በቤታቸው የሚያዩት በቀን ሠራተኛ ልብስ ሊሆን ነው። እሑድ ሽማግሌ ሲገባ ዓይናቸው ውስጥ የሚቀረው ያ ምስል ይሆናል። አስቀድሞ አንገበገባት።

በእሱ አፍራ ነበር ወይ ብትሉኝ አልነበረም። ያፈረችው በሚያዩት ሰዎች ዓይን ነው። ግን እፍረት እፍረት ነውና ሰውን ያቻኩላል። ረቡዕ ስልክ ስትደውል ዋለች። ማሽን አለን፣ መኪና አለን፣ ቆሻሻውንም ጭነን እንሄዳለን የሚል ልምላሜ የሚባል የግቢ ጽዳት ድርጅት አገኘች። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ተስማማች።

ለደምመላሽ ልትጽፍለት ያሰበችው ብዙ ነበር። አንተ በእሾህ ልትወጋ አይገባህም፣ አንተ በዚያ በር የምትገባው በክብር ነው፣ ማንም በሌላ ዓይን እንዲያይህ አልፈልግም ልትለው ነበር። ስልኳን ይዛ ገና ስትጀምር አለቃዋ ለስብሰባ ጠራት። ቆማ እየሄደች ጻፈችና ላከችው።

«ደሜ፣ የግቢውን ነገር ተወው። ባለሙያ ቀጥሬያለሁ። አይገባህም።»

ስብሰባው ውስጥ ተቀምጣ ፈገግ አለች። ስትንከባከበው እንዲህ በአጭሩ መሆኑ እንኳ ደስ አሰኝቷታል።

* * *

ደምመላሽ መልእክቱን ያነበበው ከገበያ ሲመለስ ነው። ወፍራም የቆዳ ጓንት ገዝቶ፣ ፌስታሉን ገና ከእጁ አላስቀመጠም ነበር።

አይገባህም።

መጀመሪያ «አትረዳውም» ያለችው መሰለው። የትልቅ ሰው ግቢ ምን እንደሆነ አንተ አይገባህም፤ በጣሳ ነው ያደግከው፤ ለሚያውቁት ተውላቸው። ከትናንት ወዲያ ራሱ በሳቅ የነገራት የጣሳ ወሬ ተመልሶ ፊቱ ላይ የተወረወረ መሰለው። ሁለተኛ ሲያነበው ባሰ። አይገባህም፤ አትመጥንም። ግቢው፣ ቤቱ፣ እሷም። ሦስተኛ አላነበበውም። አንዳንድ ቃላችን እንዲህ ነው፤ የወደደ ሰው ሲጽፈው ሌላ፣ የፈራ ሰው ሲያነበው ሌላ።

ደምመላሽ ደግሞ ይህን ነገር ሲፈራው ኖሯል። ፀደንያ አንድ ቀን ዞር ብላ ታየኛለች፣ ዓይኗ ይገለጣል፣ ትሄዳለች ብሎ በውስጡ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ አልጠየቃትም። የሚጠብቀው ነገር የደረሰ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ያኑ ዕለት ከሽማግሌዎቹ አንጋፋ ወደ ጋሽ አብዱረህማን ደወለ። ጋሽ አብዱረህማን ፒያሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዶሮ ማነቂያ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤት ሆነው ደምመላሽን በዳዴው ያውቁታል። የእሑዱን ነገር እንተወው አላቸው።

«ስማ» አሉት። «እኔ ራይድ አይደለሁም፤ በስልክ ጠርተህ በስልክ የምትሰርዘኝ። ሱፌን አስተኩሻለሁ። ቅዳሜ ማታ ደውልልኝ፤ ያኔም ተዉት ካልክ እተወዋለሁ።»

ዓርብ ፀደንያ ደወለችለት፤ አላነሳም። ደግማ ደወለች። ምሳ ሰዓት ላይ እስከ ሱቁ ሄዳ ከማዶ ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ አቀርቅሮ ይሠራል፤ ቀና ያለ መሰላትና እጇን አነሳች። ደምመላሽ በእርግጥም አይቷታል። አይቶ መልሶ አቀረቀረ። እጇ በአየር ላይ ቀረ። በታክሲ ወደ ቤቷ ስትሄድ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ተስፋ ቆርጦ ነው፣ በእናቴ ሰበብ ታክቶት ነው፣ አልፈርድበትም ብላ አሰበች፤ ግን ፈረደችበት።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ልምላሜዎች በጭነት መኪና መጡ። አለቃቸው ካሚላ የምትባል፣ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ሻርፗን አጥብቃ ያሰረች ወጣት ናት። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አየችና ለምሳ ሳንደርስ መሬቱ ይታያል አለች። አንዱ ሠራተኛ የሣር ማጨጃውን ማሽን በትከሻው አንጠለጠለ። ሞተሩ ተነሳ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ማሽኑ የመጀመሪያውን የአበባ መደብ ጫፍ ሲነካና ቅጠሉ ሲበተን ፊታቸው ተለዋወጠ። ደረጃውን ወረዱ፤ መነጽር ስለሌላቸው በእግራቸው እየዳበሱ። ሠራተኛው ፊት ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። «አቁምልኝ» አሉ። ሞተሩ ጠፋ።

ፀደንያ እስከዚያች ሰዓት ብዙ ችላለች። አሁን አልቻለችም።

«እማዬ፣ አይምጡ በይኝ» አለች። «በግቢ አታመኻኚ። ይጽዳ አልሽ፤ ይኸው ላጸዳው ነው። አሁን ደግሞ አታጽዱ ትያለሽ። እሱን አልወደውም በይኝና ይለቅልን። እሱም እንደሆነ ሄዷል። ደስ ይበልሽ፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አያናግረኝም።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ በሰው ፊት የሚጮሁ ሴት አይደሉም፤ የሚያለቅሱም አልነበሩም። እጃቸው ግን ቀሚሳቸውን ይጨብጣል ይለቃል። ካሚላ ሠራተኞቿን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው።

ያኔ የውጭው በር ተንኳኳ።

ደምመላሽ ነው። ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው፤ በአንድ እጁ የመነጽር ማኅደር፣ በሌላው ፌስታል ይዟል። በሩ ለመኪናው ተብሎ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሱ ግን ከውጭ እንደቆመ ነው። ፀደንያን አያያትም። ለቅዳሜ የተቀጠረ መነጽር ስለሆነ አምጥቻለሁ አላቸው ለወይዘሮ ሙሉነሽ፤ ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ። መስታወቱን ቀይሮታል፤ እጀታውንም አጥብቆታል። ሌላ ጣጣ የለውም።

ወይዘሮ ሙሉነሽ በድምፁ አወቁት። በዚያ ሁሉ መሀል እንኳ ወግ ወግ ነው። «ግባ እንጂ፣ ልጄ» አሉት።

«እዚሁ ይሻለኛል፣ እትዬ» አለ።

«በር ላይ ዕቃ አልቀበልም። ግባ።»

ደምመላሽ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አይገባህም ተብያለሁ» አለ።

ፀደንያ ቃሉን ሰማችው፤ የራሷ ቃል መሆኑን ለማወቅ ግን ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መጣ። ያልተነሳው ስልክ፣ በመስታወቱ ውስጥ ያቀረቀረው ራስ፣ ይህ ከበር ውጭ የቆመ ጫማ። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ደሜ፣ ምን ብለህ ነው ያነበብከው?»

«እንደጻፍሽው።»

«እኔ የጻፍኩት…» ሳቋና ልቅሶዋ አንድ ላይ መጡባት። «በእሾህ ልትወጋ አይገባህም ብዬ ነው። ተንበርክከህ እንዲያዩህ አልፈለግኩም። ካንተ የሚበልጥ የለም ብዬ ነው ያልኩህ፣ አንተ ምኑን ነው ያነበብከው?»

ደምመላሽ ቀና አለ። ከሐሙስ ወዲህ ፊቷን በትክክል ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነው። ዓይኗ ስር ያለውን እብጠት አየ። የምታለቅሰው እሷ ትሆናለች ብሎ ፈጽሞ አላሰበም ነበር።

«እንግዲያው አልገባኝም ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አልገባህም ነበር» አለች ፀደንያ።

ከመሀላቸው አንድ ያልተለመደ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ሙሉነሽ እየሳቁ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያ ግቢ እንዲህ አልተሳቀም። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና «አሁንስ ትገባለህ ወይስ ሽማግሌ ልላክብህ?» አሉት።

ገባ። የመጀመሪያው እርምጃው ሰርዶው ላይ አረፈ፤ እሱ ግን ምን ላይ እንደረገጠ አላወቀም።

* * *

ወይዘሮ ሙሉነሽ መነጽሩን አደረጉ። ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ከዚያም ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያም መናገር ያቃታቸውን ነገር ተናገሩ።

«እኔም አይገባኝም» አሉ። «ግቢውን ነው። አርባ ዓመት ኖርኩበት፤ አባትሽ ግን አያስነካም ነበር። የእኔ ሥራ በረንዳ ላይ ሆኜ አበባው ሲመጣ ማየት ነበር። እሱ በሞተ በመጀመሪያው ክረምት ላርምለት ብዬ ወረድኩ። የቱን እሱ እንደተከለው፣ የቱ በራሱ እንደበቀለ መለየት አቃተኝ። አንዱን ነቀልኩ። ሥሩን ሳየው የተተከለ ነበር። ከዚያ ወዲህ እጄን አላሳረፍኩበትም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሰው ቀጥሬ ባስጠርገው ሁሉም ይሄዳል። ምን እንደሄደብኝ እንኳ አላውቅም። ዳኛውን አግብታ አርባ ዓመት ኖራ የእጁን ሥራ ከአረም አትለይም መባልን ፈራሁ። በልጁ ላይ አልነበረም፣ ፀዲ። አንድም ቀን በልጁ ላይ አልነበረም።»

ፀደንያ እናቷን አቀፈች። ስንት ወር ሙሉ የተጣላችው ከሌለ ነገር ጋር ነበር። ተናዳበት የኖረችው ጫካ ፍርሃት ኖሯል እንጂ ንቀት አልነበረም።

ካሚላ ይህን ሁሉ መኪናው ጋ ሆና ስትሰማ ነበር። መጣችና በጨዋ አነጋገር ሐሳቧን አቀረበች። ኮሽሙ የእነሱ ሥራ ነው፤ ያለ ማሽንና ያለ ብዙ ሰው አይሞከርም፤ ቤተሰብ እገባበታለሁ ቢል ሆስፒታል ነው የሚውለው። መንገዱን የዋጠውንም ሰርዶ ያነሳሉ፤ ቆሻሻውንም ጭነው ይሄዳሉ። መደቦቹን ግን ማሽን አይነካቸውም። እነሱ በአንድ ቀን ጨርሰው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱን ቅጠል ማነህ ብለው እየጠየቁ መሥራት አይችሉም። ያ የባለቤት ሥራ ነው።

«ባለቤቱም ካላወቀውስ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

መልሱን የሰጠው ደምመላሽ ነው፤ ስለ አትክልት ከሁሉም ያነሰ የሚያውቀው እሱ ሆኖ ሳለ። «ያላወቅነውን አንነቅልማ» አለ። «አበባ እስኪያወጣ እንተወው።»

ወይዘሮ ሙሉነሽ አዩት። ሦስት ዓመት እንቅልፍ የነሳቸው ነገር በዚህች አጭር ንግግር መፈታቱን ለማመን እንደከበዳቸው ያስታውቃል።

ፌስታሉን ያኔ ነው ፀደንያ ልብ ያለችው። ምንድነው አለችው። ሐሙስ የገዛሁት ጓንት ነው፣ ለሠራተኞቹ ይሆናል ብዬ ነው ያመጣሁት አለ። ከእጁ ወስዳ ከፈተችው። አንዱ ጥንድ ትልቅ ነው። ሌላው ትንሽ፤ ከካሚላ ሠራተኞች ለአንዱም የማይሆን። እጇን ስታስገባው ልክክ አለ። ደምመላሽ ጆሮው ቀልቶ ወደ ኮሽሙ ዞረ። ፀደንያ ጓንቱን ሳታወልቅ ክንዱን ያዘችው፤ ትንሽ ቆየችም።

እስከ ማታ ሠሩ። ልምላሜዎች ከአጥሩ ጋር ሲታገሉ፣ ሦስቱ መደቦቹን በእጃቸው ያዙ። ሳማውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቀድሞ ሄደ። ጽጌረዳውንም ወይዘሮ ሙሉነሽ ከእሾሁ ለዩት። ደምመላሽ አንዱን ረጅም አረም በጀግንነት ስቦ ሲያወጣ ሥሩ ሽንኩርት መስሎ ወጣ። ወይዘሮ ሙሉነሽ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና ተክል ነው፣ መልሰህ ቅበረው አሉት። ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ቀበረው። ካሚላ እስኪያማት ሳቀች። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት ብቅ ብሎ፣ ፀደንያ የፈራችውን ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ አትክልተኛ አገኛችሁ እንዴ አለ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ሳይዞሩ መለሱለት።

«እንግዳችን ነው። ነገ ሽማግሌ ይልካል።»

ሲመሽ ደምመላሽ እጁን ሲታጠብ፣ ፎጣውን ያቀበሉት እሳቸው ናቸው። የእናትህ ጤና አዳም ዛሬም አለ ወይ አሉት። ዶሮ ማነቂያ ለልማት ሲነሳ ወደ ኮንዶሚኒየም ይዘውት እንደሄዱ ነገራቸው፤ በዚያው በዘይት ጣሳው ነው ያለው።

«አንድ ዘለላ ይላኩልኝ» አሉ። «እሱን እንኳ ሽታውን ስለማውቀው አልሳሳትም።»

ከነማን ነው ብለው ከጠየቁ ወዲህ ስለ እናቱ ሌላ ቃል ተናግረው አያውቁም ነበር። ደምመላሽ ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ረዥም ጊዜ ቆየ።

* * *

ደምመላሽ ቅዳሜ ማታ ለጋሽ አብዱረህማን ኑ ብሎ ደውሎ ነበር፤ እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች እሳቸውን አስቀድመው መጡ። ኮሽሙ ተከርክሞ አጥር ሆኗል፤ የድንጋዩ መንገድ ከበር እስከ በረንዳ ጥርግ ብሏል። መደቦቹ ግን ግማሾቹ ገና እንደተንጨበረሩ ናቸው። ደምመላሽ በወጉ መሠረት አልመጣም። ፒያሳ በተዘጋው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ፀደንያም በወጉ መሠረት ጓዳ ናት፤ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ።

ወንበር ቀረበ። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። ጋሽ አብዱረህማን በተተኮሰ ሱፋቸው ቆመው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅ ልንጠናዎ መጥተናል አሉ። ስለ ልጁ ተናገሩ፤ ስለ ወይዘሮ የሺም ተናገሩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ኮራ ብለው።

ፀደንያ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ታውቃለች። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ወላጅ የለም። ዘመድ እናማክር ይባላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሽማግሌ ደጋግሞ ይመላለሳል። የጥር ሠርግ በዚያ መመላለስ መሀል ሊቀልጥ ይችላል። ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች።

ወይዘሮ ሙሉነሽ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉትና በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ግቢው ገና ግማሹ ነው የጸዳው» አሉ። «የቀረውን አበባ እስኪያወጣ እየጠበቅነው ነው። ልጃችሁ ነው እንዲህ ያለን። አትክልት አያውቅም፤ የማያውቀውን ግን አይነቅልም። እኔ ለልጄ ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት አመጣለሁ?» ወደ ወንበሮቹ አመለከቱ። «ተቀመጡ።»

ሦስቱም ተቀመጡ። የወንበሮቹ ድምፅ ጓዳ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ድምፅ የሚበልጥ ነገር ፀደንያ ሰምታ አታውቅም። ሦስት ክረምት የተሸከመችው የእናቷ ዝምታ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወረደላት። እንባዋን ስትጠርግ ጣቷ ያቃጥላል፤ ጓንት አድርጋም እሾሁ አልማራትም ነበር።

ስልኳን አወጣች። በዚህ ጊዜ የጠራት አለቃ የለም፤ የፈለገችውን ያህል መጻፍ ትችላለች። አንድ ቃል ብቻ ጽፋ ላከች።

«ይገባሃል።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «የትኛው? ቶሎ በይ፣ ልቤ ልትቆም ነው።»

ሳሎን ውስጥ ጋሽ አብዱረህማን ሲስቁ ይሰማል፤ እናቷም አብረዋቸው።

«ሁለቱም» ብላ ጻፈች። «ግቢው ክፍት ነው። ና።»